የተመራጭ ቤት

ከገነተ ማርያም ወደ ላልይበላ ሲወጣ፣ ሰው ሁለተኛውን ዳገት ጨርሶ "እፎይ" በሚልበት ቦታ፣ በስተግራ በኩል አንዲት የቆርቆሮ ቤት አለች። ስሟ የተመራጭ ቤት ነው። ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ ሊያስጥላት የሞከረም የለም።

የምርጫ ክልላችን ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት ጊዜ መርጦ አምስት ሰው ወደ አዲስ አበባ ሸኝቷል። የመጀመሪያው አስተማሪ ነበር። ሁለተኛው አቶ ደባሱ ይባላል፤ በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ሊጎበኘን ተነሥቶ መኪናው ጋሸና ላይ ተበላሽታ፣ እዚያው ጥብሱን በልቶ ተመለሰ ይላሉ። ውሸት ከሆነ ኃጢአቱ በነገሩኝ ሰዎች ላይ። ሦስተኛዋ ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ ናት፤ እሷን ወደ ኋላ እናገኛታለን። አራተኛውንና አምስተኛውን የምናውቃቸው በፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፋቸው መልከ መልካም ነው፣ እግዜር ይስጣቸው።

ከአምስቱ አንዱም እዚህ ቢሮ አልከፈተም። ስለዚህ ለሰዉ ፓርላማ ማለት ያቺ የቆርቆሮ ቤት ነበረች፤ የቤቷ ባለቤት ደግሞ ይማርሽ። የተመራጮቹን ታሪክ የፈለገ ጋዜጣ ያገላብጥ። እኔ የማወራው የይማርሽን ነው።

የመጀመሪያው ተመራጭ፣ አስተማሪው ሞላ፣ ባሏ ነው። በ1987 ግንቦት ሲመረጥ ሰዉ በትከሻው ተሸክሞ ገበያውን ሦስት ጊዜ አዞረው። የመረጡት ለፖለቲካው ብለው አልነበረም፤ የአገሩን ልጅ ግማሹን ፊደል ያስቆጠረ እሱ ስለሆነ ነው። ይማርሽ የዚያን ዕለት ከደስታዋ ብዛት እህል በአፏ አልዞረም። ልጅ አልወለዱም ነበርና "ይኸው፣ እግዜር በዚህ ካሰን" አለች። ሊሄድ ሲነሣ በሶና ድርቆሽ ቋጠረችለት። "ፓርላማ ውስጥ በሶ ይበጠበጣል ወይ?" ብሎ ሳቀባት። ግን ይዞት ሄደ።

ለምን አብራው አልሄደችም? "ቤት እስካገኝ ታገሺኝ" አላት። ቤት አገኘ። "ዕቃ እስካሟላ" አላት። በመጀመሪያው ዓመት ለገና መጣና ሱፉን ግጥም አድርጎ አስቀደሰ፤ ሰው ሁሉ እሱን ሲያይ እሷ ደግሞ ሰው እሱን ሲያይ ታያለች። በሁለተኛው ዓመት ክረምት ሦስት ቀን መጣ፤ ከሦስቱ ሁለቱን ስብሰባ ዋለ። ከዚያ ነገሩ ደብዳቤ ሆነ። ከዚያ ደብዳቤውም ቀርቶ በሰው በሰው ሰላምታ ሆነ።

በ1991 ጋሸና ጨው ልትገዛ ሄዳ ከአንድ ሹፌር ጋር ወግ ጀመረች። ሰውየው ማን መሆኗን አያውቅም። "የእናንተ አገር ተመራጭማ ባለፈው ሁለተኛ ልጁን ክርስትና አስነሣ። ድግሱ ላይ ነበርኩ፤ ሚስቱም ደግ ሰው ናት" አላት። ይማርሽ "እግዜር ያሳድገው" አለች። ጨውዋን ይዛ በጭነት መኪና ተመለሰች። መንገዱን ሙሉ ፊቷ አልተለወጠም። በሯን ከዘጋች በኋላ ግን እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች፤ የሚያባብላትም ሰው ስላልነበረ ራሷው ደክሟት ዝም አለች።

በ1992ቱ ምርጫ ሞላ አልተወዳደረም። አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ገብቶ እዚያው ቀረ። አልፈታትም፤ አልመጣምም።

እንግዲህ ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የእኛ ሰው በድሮው ጊዜ ጉዳይ ሲኖረው ጭቃ ሹም ቤት ይሄድ ነበር። ጭቃ ሹሙ ይሙትም ይሻርም፣ ቤቱ የታወቀ ነው። ተመራጭ ሲባልም እንዲሁ መሰለው። ሞላ ወርዶ ደባሱ መግባቱን ያልሰማ የለም፤ ራሱ ሰዉ አይደል የመረጠው! ቢሆንም የደብር አለቃ ሲቀየር ሰው ሌላ ደብር ፍለጋ አይሄድም አይደል? አለቃው ተቀየረ፣ ደጁ ያው ነው። ስለዚህ አቤቱታ ያለው ሁሉ ወረቀቱን ጠቅልሎ ያንኑ ዳገት መውጣቱን ቀጠለ። ይማርሽ ትቀበላለች፣ ለአዲሱ ሰው ታስተላልፋለች፤ እንዲህ ነበር እምነታቸው።

ከምርጫው በኋላ የመጀመሪያው ሰው የመጣው በሐምሌ ነው፤ ካቦርቱን ዝናብ የመታው አንድ ገበሬ። ይማርሽ እውነቱን ልትነግረው አፏን ከፍታ ነበር። "አባቴ፣ ይህ ቤት እኮ ከእንግዲህ ወዲህ..." ስትል፣ ሰውየው ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ መደቡ ላይ ዘፍ ብሎ፣ "እንደው እትዬ፣ እንዴት ከርመዋል?" አላት። እንዴት ከረምሽ ያላት ሰው ከተገኘ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። እሷ ነገሩን ዋጠችና "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይጠጉ፣ ወደ እሳቱ ይጠጉ" አለች። ወረቀቱን ተቀበለች።

እንዲህ ስላችሁ ሥራ ፈት አታላይ አድርጋችሁ እንዳታዩዋት። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ማንበብና መጻፍ የተማረች ሴት ናት። የሚመጣላትን ወረቀት ታነባለች። የድንበር ጠብ ከሆነ ሁለቱን ወገን ጠርታ ታስታርቃለች። የወረዳ ጉዳይ ከሆነ በእግሯ ሄዳ፣ በር ላይ ቆማ፣ ዘበኛ ተቆጥቷት፣ አስፈጽማ ትመለሳለች። ለአቶ ደባሱም ሁለት ጊዜ በሹፌር ወረቀት ልካለች፤ ሁለቱም የውሃ ሽታ ሆኑ። ያቃታትን ነገር ደግሞ "ጉዳዩ እየታየ ነው" ትላለች። ይህን አነጋገር ከሞላ ነው የወረሰችው፤ እሷ ስትለው ግን ሰው ተጽናንቶ ይሄዳል።

ወራት አለፉ፣ ዓመታትም አለፉ። ሰው በመጣ ቀን ይማርሽ ሌላ ሰው ናት፤ ነጠላዋ ይነጣል፣ ድምፅዋ ይወጣል። በቀሩት ቀናት ቤቱን ትጠርጋለች፣ የጠረገችውን እንደገና ትጠርጋለች። አንዳንዴ ዶሮዎቿን ትሰድባለች፤ ለነገሩ ሰው ሲሰድብ መልስ ይጠብቃል፣ እሷ ግን ድምፅዋ እንዳይጠፋት ብላ ነው።

1997 ደረሰና ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ ተመረጠች። ነርስ ነበረች፤ ቀጠን ያለች፣ ፈጠን ያለች፣ ቀልድ የማታውቅ ሴት። ብዙም ሳይቆይ አንድ ነገር ተሰማ። ከዳገቱ ታች፣ ወንዝ ዳር ያሉት የወርቅ ሜዳ ሰዎች የድልድይ አቤቱታቸውን በአንድ ዲያቆን እጅ በቀጥታ አዲስ አበባ ልከው፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ በወይዘሮዋ በራሷ ፊርማ መልስ መጣላቸው። ይማርሽም ሰማች። መልስ የምትሰጥ ተመራጭ! ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ልቧ ግን ደነገጠ።

በ1998 ኅዳር ሦስት ሰዎች ከጥድ አፋፍ መጡ። ጥድ አፋፍ ከገደሉ ማዶ ያለች ሠላሳ አባወራ የማትሞላ መንደር ናት። በመካከል ያለው ወንዝ ስሙ ቀጭን ውሃ ይባላል። በበጋ እውነትም ቀጭን ነው፣ ዶሮ ይሻገረዋል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ያን ስም ያወጣለትን ሰው ሳይቀር ይዞ የሚሄድ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ጥድ አፋፍ ከገበያውም ከትምህርት ቤቱም ከሐኪሙም ተቆርጣ ትቀመጣለች። ሰዎቹ የፈለጉት የእግረኛ ድልድይ ነው።

መሪያቸው አባ ፈንታው ናቸው። ቄስ አይደሉም፤ አባ ያሰኛቸው ዕድሜያቸውና ትዕግሥታቸው ነው። ወረቀቱን ከጉያቸው አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጧት። ስድሳ ሦስት ሰው አውራ ጣቱን አሳርፎበታል። የማኅተም ቀለም ስላልነበራቸው የምጣድ ጥላሸት ነው የተጠቀሙት፤ ወረቀቱ እዚህም እዚያም ጠቁሯል።

"እትዬ ይማርሽ፣ አደራዎን" አሏት አባ ፈንታው። "እርስዎ እጅ ከገባ እኛ ተኝተን እናድራለን።"

ወረቀቱን ፖስታ ውስጥ ከተተችው። የወይዘሮዋን ስም በጥሩ ጽሕፈት ጻፈችበት። ለሹፌር ልትሰጥ መንገድ ዳር ቆመች። መኪናው መጣ፣ ጡሩምባውን ነፋ፣ አለፈ። እጇን አላነሣችም።

ለምን? ለምን እንደሆነ ራሷም ታውቃለች። እነ አባ ፈንታው ቅዳሜ ቅዳሜ ለላልይበላ ገበያ ሲያልፉ ቤቷ ጎራ ማለት ጀምረዋል። "እትዬ፣ ከአዲስ አበባ ምን ተሰማ?" ይሏታል። "እየታየ ነው፣ አባቴ" ትላለች። ከዚያ ይቀመጣሉ። ስለ ገብሱ፣ ስለ በረዶው፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተዳረ፣ የማን አህያ የማንን ማሳ እንደበላች ይጫወታሉ። ይስቃሉ። ይማርሽም ትስቃለች። ከዚያች ቅዳሜ እስከ ቀጣዪቱ ቅዳሜ ድረስ ስሟን የሚጠራት ሰው የለም። ድልድዩ ከተሠራ በምን ምክንያት ይመጣሉ? መልሱ በቀጥታ ከሄደላቸው የአዲስ አበባን አድራሻ አወቁ ማለት ነው፤ የእሷን ዳገት ምን ያደርጉታል? ይህን አስባ ራሷን ጠላች። ጠልታም ፖስታውን ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት።

"የሚቀጥለው ሳምንት እልከዋለሁ" አለች። የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ መጡና ሲጫወቱ ዋሉ። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

በ2000 ሐምሌ መጀመሪያ፣ ውሃው ገና ሳይሞላ፣ ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ ፓርላማው ለክረምት ሲዘጋ መራጩን ልታነጋግር መጣች። ስብሰባው ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሆነ። ጥድ አፋፎች በሙሉ መጥተዋል። ይማርሽም ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣለች፤ ባትሄድ ነገር ይሆንባታል፣ መሄዱም ነፍሷን ጨንቋታል።

ወይዘሮዋ ለወርቅ ሜዳ የተሠራውን ድልድይ ስታነሣ አባ ፈንታው ተነሡ። "እኛስ? እኛም ከወርቅ ሜዳ ጋር በአንድ ሰሞን አይደል የጠየቅነው?"

ወይዘሮዋ መዝገቧን ገለጠች፤ ደግማ ገለጠች። "አባቴ፣ ከጥድ አፋፍ አንድም ወረቀት አልደረሰኝም። ቢደርሰኝ ኖሮ ሁለቱን አብሬ ነበር የምጠይቀው። በጀቱ ያኔ ነበር።"

"ቅር አይበልዎና ወይዘሮ፣ ወረቀታችን ከገባ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። በተመራጭ ቤት በኩል ነው ያስገባነው።"

"የቱ ተመራጭ ቤት? ተመራጯ እኔ አይደለሁም እንዴ?"

ሰዉ ሁሉ ዞሮ ይማርሽን አየ። እዚያ ላይ ብትነሣ፣ ሁለት ቃል ብትናገር፣ ነገሩ ያልቅ ነበር። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እሷ ዝም ስትል አባ ፈንታው ተቆጡ። በእሷ ፋንታ ነው የተቆጡት።

"እትዬ ይማርሽ ማስተላለፋቸውን እኔ እምላለሁ!" አሉ ዱላቸውን አንሥተው። "የጠፋው እናንተው ዘንድ ነው። ድሀ ሲጽፍ መች ታነባላችሁ!"

ሰዉ አጨበጨበ። እልል ያለም ነበር። ወይዘሮዋ ፊቷ ቀልቶ "እኔ አልዋሸሁም" አለች፤ ማን ይስማት። ጭብጨባው ለይማርሽ ነበር፤ በዕድሜዋ ተጨብጭቦላት አያውቅም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ቤቷ ገብታ ያን ምሽት እሳት እንኳ አላነደደችም።

በሁለተኛው ሳምንት ቀጭን ውሃ ሞላ። አባ ፈንታው ከወንዙ ወዲህ በእኩል የሚያርሱት ማሳ አላቸው፤ ሳያርሱት አረሙ ቀድሟቸው ጭንቅ ሆነባቸውና ዝናቡ ጋብ ሲል በሬዎቻቸውን ነድተው ወንዙ ውስጥ ገቡ። አንደኛው በሬ ወጣ። ሁለተኛውን ውሃው ወሰደው። እሳቸውንም ድንጋይ ላይ አላግቶ እግራቸውን ሰበራቸው፤ ጎረምሶች በገመድ ጎትተው አወጧቸው። ወሬውን ማዶ የቆመ ሰው በገደሉ ላይ ጮኾ ነው ለወዲህኛው ያደረሰው። ለይማርሽ የነገራት መንገደኛ ነበር። "ድልድይ ቢኖር ኖሮ፣ ወይ ነዶ!" ብሎ አለፈ።

የቀረውን ክረምት ብቻዋን ከዚያ በሬ ጋር ነው ያሳለፈችው ማለት ይቻላል። ስትተኛ በሬው፣ ስትነሣ በሬው። ጥድ አፋፎች መሻገር ስለማይችሉ ቅዳሜም ባዶ ነበር። ለካ ከብቸኝነት የባሰ ነገር አለ፤ ሰው እንዳይመጣ መፍራት። ውሃው ጎድሎ አባ ፈንታው በደጇ ሲያልፉ፣ እያነከሱ፣ "ምን ተሰማ?" ሲሏት ይታያታል።

መስከረም ሊወጣ ሲል ውሃው ጎደለ። በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ከተበደለው ደጅ ቆሞ ይለምናል። ሴት ደግሞ ራሷ አትሸከምም፣ ሽማግሌ ትልካለች። ይማርሽ ግን ማንን ትላክ? የምታውቃቸው ሽማግሌዎች እነዚያው የበደለቻቸው ናቸው። እሑድ ማለዳ ፖስታውን ጉያዋ አድርጋ፣ ቀጭን ውሃን ተሻግራ፣ የማዶውን አቀበት ወጣች። መንደሩ ጫፍ ላይ ስትደርስ አንድ ድንጋይ አንሥታ ማጅራቷ ላይ አደረገች።

ጥድ አፋፎች ከቅዳሴ ወጥተው ሰንበቴያቸውን ሊቀምሱ ተሰብስበዋል። ሲያዩዋት ሁሉም በአንድ ጊዜ ብድግ አሉ።

"ኧረ እትዬ! ምን ሆኑ? ኧረ ያውርዱት!"

"ሳልናገር አላወርድም" አለች፤ አቀርቅራ። "ወረቀታችሁ አልሄደም። ከሄደ እግዜር ሰው አያድርገኝ። ሳጥኔ ውስጥ ነው የኖረው። ያቺ ሴትዮ እውነቷን ነው። የሰደባችኋት በእኔ ኃጢአት ነው። የአባ ፈንታውም በሬ፣ እግራቸውም፣ በእኔ ነው።"

አባ ፈንታው እግራቸው በወጌሻ ታስሮ ግንብ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩዋትና "ለምን፣ ልጄ?" አሉ።

"ድልድዩ ከተሠራ አትመጡልኝም ብዬ ነዋ። ሰው የለኝም፣ አባቴ። ከእናንተ በቀር የሚመጣልኝ ሰው የለኝም።"

የአባ ፈንታው ምራት ወለላ "በሬያችንስ?" አለች። አባ ፈንታው እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት። በዱላቸው ተደግፈው፣ ጎረምሶች ሊይዟቸው ሲሉ እንቢ ብለው፣ እያነከሱ መጡና ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ከማጅራቷ አወረዱት።

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አሉ።

"ይቅር ብለናል!" አለ ሰዉ በአንድ ድምፅ። ወለላም አለች፤ እያለቀሰች።

አስቀመጧት፣ ከጠላው ቀዱላት፣ ከዳቦው ቆረሱላት። ፖስታውን አባ ፈንታው ተቀበሉ። ጎረምሶቹ ወዲያው ተመካከሩ፤ ለወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ የይቅርታ ደብዳቤ ይጻፍ፣ አብሮ በቀጥታ ይላክ ተባለ። ይማርሽ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ተቀምጣ፣ ዓመታት ሙሉ ያልበላች ይመስል በላች። ልቧ ቀለላት። እንዲህ ከሰው መካከል የተቀመጠችው መቼ እንደሆነ ጠፍቷታል።

ፀሐይ ዘንበል ስትል ሁሉም ተነሥተው እስከ ገደሉ አፋፍ ሸኟት። አባ ፈንታው ሳይቀሩ። እዚያ ላይ እጇን ይዘው በፍቅር አዩዋት።

"አይዞዎት እትዬ። ጥፋቱ የእኛም ነው" አሉ። "ባለቤቱ የሌለበትን ቤት ይህን ያህል ዓመት ስናደክም። ሴት ብቻዋን ናት አላልንም፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ግር ብለን ስንገባ። እንግዲህ ያርፋሉ። ከዛሬ ጀምሮ አናስቸግርዎትም።"

"አዎን፣ አዎን፣ በቃቸው፣ ይረፉ" አሉ ሌሎቹ።

"አስቸግሩኝ!" አለች ይማርሽ። ካሰበችው በላይ ጮኸች። "በእመብርሃን፣ አባ ፈንታው፣ አስቸግሩኝ። ወረቀት አትያዙ፤ እንዲሁ ኑ።"

እርስ በርሳቸው ተያዩ። የጨዋ ሰው ትሕትና ነው የመሰላቸው። "አይ እትዬ፣ እንዲህ ተሸክመውን አሁንም አይሰለቹ!" ብለው ሳቁ፤ አገላብጠው ስመዋት ተመለሱ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ይማርሽ ከማለዳ ጀምራ በሯን ከፍታ ተቀመጠች። ጥድ አፋፎች ለገበያ ሲወጡ፣ እሷን እንዳያስቸግሩ ብለው፣ በላይኛው መንገድ ዞረው አለፉ።